ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚጫወት አባት

ልጁ ሜዳ ላይ ስትጫወት ዝም ብሎ፣ ጨዋታው ሲያልቅ እሱ የሚጀምር አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ስኖር ጎረቤቴ ከድር እንዲህ ነበር። ራኬት ጨብጦ አያውቅም፤ ግን ልጁ ሰሚራ በቴኒስ በተሸነፈች ቁጥር ወደ ቤት የሚሳፈሩባት ረክሻ፣ ማለትም ባጃጅ፣ ችሎት ትሆናለች።

አንድ ቀን አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ሰሚራ በዚያ ሐሩር ተጫውታ፣ ተሸንፋ፣ እግሯን ዘርግታ ውሃ ትጠጣለች። አባቷ አየሩን በመዳፉ እየመታ እያንዳንዷን ኳስ ይደግማል። ሱዳናዊው ሹፌር እንኳ እንዳይመታ አንገቱን ሰበር አደረገ።

"ኸላስ፣ በቃ አባዬ!" አለች በመጨረሻ። "አሠልጣኛችን ከጨዋታ በኋላ ጠጡ፣ ብሉ፣ ተኙ ነው የሚለን። አንተ ግን እንደገና ታጫውተኛለህ። ከእንግዲህ ተኝቼ እስክነሳ ስለ ኳስ አንድ ቃል ከተናገርክ፣ ሜዳ ይዤህ አልሄድም!"

ከድር እንዳግዘው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

በሚቀጥለውም ጨዋታ ተሸነፈች። ከድር ቤት እስኪደርሱ ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ፤ ከተጫወተችው ይልቅ ያላበው እሱን ነበር። እሷ ግን ጠግባ በላችና ለጥ ብላ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት እኔና ከድር በራቸው ላይ ቆመን ስናወራ ሰሚራ ፊቷ በርቶ ወጣች።

"አባዬ፣ አሁን ንገረኝ። የቱ ጋ ነው የተበላሸብኝ?"

ከድር አቀረቀረ። "ወላሂ አላየሁም ልጄ። ስንመለስ እንዴት አድርጌ ዝም እንደምል ሳስብ ጨዋታው አለቀ።"

ሰሚራ ሳቀችና ራኬቷን አነሳች።

"እንግዲያው እኔ አሳይሃለሁ። ያላ፣ ና ቁጭ በል!"