አራተኛው ጫፍ

በየሰፈሩ ልጅ አሠልጣኝ የሆነች አንዲት እናት አለች። ሰፈሩ ቧንቧ ሊያጣ ይችላል፣ መብራት ሊያጣ ይችላል፣ እሷን ግን አያጣም። ሌላው ሰው ልጅ የሚወልደው ሊስመው ነው፤ እሷ ልታሠማራው ነው። ሕፃኑ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ዘመድ ሁሉ እልል ሲል እሷ «ከተራመደማ ያቺን ጣሳ ያቀብለኝ» ትላለች። ካቀበላት የእሷ ልጅ ነው፤ ካላቀበላት ባባቱ ወጥቷል።

የእኛዋ፣ የቆላ ከተማችን የሽንፋዋ፣ ክብርት ወይዘሮ አየሁሽ ናቸው። የእሳቸውንና የእኔን ግቢ የሚለየው የማሽላ አገዳ አጥር ነው። አጥሩ ዓይን ይከልል እንደሆነ እንጂ ድምፅ አይከልልም፤ የእሳቸውን ድምፅማ ግንብም አይከልለው። እኔ መምህርት ነኝ፤ ከጎንደር ተመድቤ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ሰዓት ሞልቼ ተኝቼ አላውቅም። ጎህ ሲቀድ «መክሊት! አትክልት! ዘመነ! እጅ የተሰጣችሁ ለምንድን ነው?» የሚለው ጥሪ ይመጣል። ሦስቱ ልጆቻቸው ይነሳሉ፤ እኔም እነሳለሁ፤ ዶሮዎቼም ይነሳሉ። የማይነሳው ልጄ ወንድዬ ብቻ ነው።

ወይዘሮ አየሁሽ በልጅነታቸው ከጎጃም ለሰሊጥ አረም ወርደው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ከእርሻው ሁለት ነገር ይዘው ወጡ ይባላል፤ አንዱ ባላቸው አለበል፣ የትራክተር ሾፌሩ፣ ሌላው የወኪል ጠባይ። ወኪል ማለት ባለሀብቱ ከተማ ተቀምጦ እርሻውን የሚያስተዳድርለት፣ ጥላ ሥር ቆሞ ሠራተኛውን «ቶሎ በል!» የሚል ሰው ነው። አለበል የዓመቱን እኩሌታ አብርሃ ጅራ ከተማ ወርዶ ትራክተር ላይ ነው የሚያሳልፈው። ለሐጂ ኢሳ፣ ለጎረቤታችን ባለ ሱቅ፣ «የሞተሩ ድምፅ ያሳርፈኛል» ብሏቸዋል አሉ።

ክብርት ወይዘሮ ስለ እናትነት ደስታ መናገር ይወዳሉ። «የወለደ አረፈ» ይላሉ። «እኔ ዛሬ ምን ሥራ አለብኝ? ሁሉን ልጆቼ ይሠሩታል።» ይህን የሚሉት ላባቸውን እየጠረጉ ነው። እንደማየው ከሆነ ልጆቹ ማገዝ ሳይጀምሩ በፊት የነበረባቸው ሥራ አንድ ነበር፣ መሥራት። ልጆቹ ካገዟቸው ወዲህ ግን ማዘዝ፣ መቆጣትና እንደገና መሥራት ሆነ። አትክልት ግቢ ይጠርጋል፤ እሳቸው መጥረጊያውን ተቀብለው የተጠረገውን ይጠርጋሉ። መክሊት ድስት ታጥባለች፤ እሳቸው ድስቱን ወደ ፀሐይ አንስተው እንደ ወርቅ አንጥረኛ አገላብጠው ያዩትና መልሰው ይነክሩታል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያለው ሰነፍ ነው!» እያሉ ዘመነ ያቦካውን ሊጥ ይወስዱና ራሳቸው እንደ አዲስ ያሹታል።

ምስጋና የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። የሚሰጡት ከፍተኛ ማዕረግ ስሙ «ምንም አይልም» ነው። ልጅ ሙሉ ቀን ውሃ ቀድቶ፣ እንጨት ፈልጦ፣ ፍየል አስገብቶ ሲያበቃ ወይዘሮ አየሁሽ ወገባቸውን ይዘው ግቢውን ይቃኛሉ። ቃኝተው ሲያበቁ «ምንም አይልም» ካሉ ልጁ ሳምንቱን ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ዘመነ አንድ ጊዜ ያገኘውን «ምንም አይልም» ለክፍል ጓደኞቹ ሲተርክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ትምህርት ቤታችን የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ አንድ እንግዳ ስለ ሕፃናት መብት ትምህርት ሰጠን። ልጅ የመጫወት መብት አለው፣ የማረፍ መብት አለው አለ። ወይዘሮ አየሁሽ እጃቸውን አወጡ። «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ልጄ። ያደረው ድስትስ? የመታጠብ መብት የለውም?» እንግዳው ወረቀቱን ቢያገላብጥ ስለ ድስት የተጻፈ ነገር አላገኘም። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «አንቺስ ቲቸር፣ ልጅሽን ያሳደገው ማን ነው? አንቺ ነሽ ስልኩ?»

ያን ሰሞን ወንድዬን ሊያቃኑልኝ ወሰዱት። ስልኩን ከእጁ ላይ እንደ መዥገር ነቅለው ለእኔ ሰጡኝና እሱን በአጥሩ ቀዳዳ አሳልፈው ወደ ግቢያቸው አስገቡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከብርጭቆ ስባሪ ጋር መለሱልኝ። «ይሄ ገና አረሙ አልተነቀለለትም» አሉ። የልጄን ብቻ ሳይሆን የእኔንም አረም ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ለብዙ ቀን አኮረፍኳቸው፤ እሳቸው ግን ማኩረፌን አላወቁም፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

የሥልጠናቸው ቁንጮ ግን አልጋ ነው። የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ ሙቀት ሲበረታ ቤት ውስጥ አይተኛም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው ውሃ ይረጭበታል፣ ሱዳኖቹ አንገሬብ የሚሉት የገመድ አልጋ ይወጣል። ሰማዩ ካጉረመረመ ደግሞ ሳይረጥብ መግባት አለበት። በእኔ ቤት ይህ ግርግርና ስድብ ነው። በወይዘሮ አየሁሽ ቤት ግን ሥርዓት አለው። አልጋ አራት ጫፍ አለው፤ ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ አራተኛውን ጫፍ ራሳቸው ክብርት ወይዘሮ ይይዛሉ። «ያዝ! አንሳ! ግባ!» ሲሉ መጠየቅ የለም፣ ማመንታት የለም፣ አልጋው ይገባል።

አንድ ቀን ሐጂ ኢሳ ከዙህር ሶላት በኋላ የአለበልን ደኅንነት ሊጠይቁ ገብተው ራኩባው፣ ማለት የሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ካለው አልጋ ላይ ጋደም አሉ። እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወይዘሮ አየሁሽ ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ጥቁር ደመና አዩና ከበር ጀምረው «ያዝ! አንሳ! ግባ!» አሉ። አራተኛውን ጫፍ ራሳቸው ያዙ። ዓይናቸው ደመናው ላይ፣ አፋቸው ዘመነ ላይ ስለነበር አልጋው ለምን እንደ ከበደ አልጠየቁም። ልጆቹ እንግዳውን አይተዋል፤ ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ሐጂ ኢሳ ዓይናቸውን ሲገልጡ ጨለማ እህል ቤት ውስጥ፣ በሰሊጥ ጆንያ መካከል ናቸው፤ ጣሪያው ላይ ዝናብ እየወረደ ነው።

«ወላሂ፣ የሞትኩ መስሎኝ ነበር» ይላሉ እስከ ዛሬ። «ግን ብሞትም እንዲህ በሥርዓት የሚሸከመኝ አላገኝም።»

ወይዘሮ አየሁሽ ይቅርታ የጠየቁ መስሏችሁ ከሆነ አታውቋቸውም። ወደ ልጆቹ ዞረው «ሰው ያለበት አልጋ ሲገባ ራስጌው ነው የሚቀድመው! እግራቸውን ያስቀደማችሁት ሬሳ ናቸው?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥልጠናው ላይ አንድ ምዕራፍ ተጨመረ።

አምና መስከረም ማለቂያ ላይ እኔ አርፍጄ ነቃሁ። ቀኑ ረፍዷል። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ሰሊጡ ስለ ደረሰ ወንዱ ሁሉ እርሻ ወርዷል፤ አለበልም አብርሃ ጅራ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ገና አላባራም። ምን ጎደለ ብዬ ሳስብ በሩ ተንኳኳ። መክሊት ናት።

«ቲቸር» አለችኝ፣ «እማዬ ዛሬ ምንም አላዘዘችንም።»

ጫማዬን ሳላደርግ ተከትያት ሄድኩ። ግቢው ተጠርጓል፣ ውሃው ተቀድቷል፣ ዕቃው ታጥቦ ተደፍቷል። ልጆቹ ሁሉንም ሠርተው የሚቆጣቸው ጠፍቶ ተደርድረው ቆመዋል። ወይዘሮ አየሁሽ ቤት ውስጥ የገመድ አልጋው ላይ ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ግንባራቸው እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል። ወባ ለቆላ ሰው ባዳ አይደለችም፤ በየዓመቱ መጥታ ትሄዳለች። ይህችኛዋ ግን ለካስ ቀናት ቆይታለች። «ማን ይሠራልኛል ብላ ደበቀችን» አለ አትክልት። ቤቱን ሁሉ የሚሠሩት ልጆቻቸው ፊታቸው ቆመው!

ስልክ ብሞክር ኔትወርክ የለም። ባጃጆቹ ያ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ ጎማቸውን ስለያዘው ከቆሙበት አይነቃነቁም። ጤና ጣቢያው ከገበያው ወዲያ ነው። ምን እናድርግ እያልኩ ስንቆራጠጥ መክሊት ወንድሞቿን አየቻቸው።

«ያዝ» አለች ቀስ ብላ።

ሦስቱም ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

«አንሳ።»

አልጋው በሦስት ጫፉ ተነሣ። አራተኛው መሬት ላይ ቀረ። ሦስቱም ልጆች አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

ወይዘሮ አየሁሽ ስለ እኔ እጅ የሚያስቡትን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጎንበስ ብዬ ያዝኩ። ከጋቢው ሥር የደከመ ድምፅ «ራስጌዬን አስቀድሙ፣ ገና አልሞትኩም» አለ። ከግቢው ወጣን። ወንድዬ ስልኩን ጥሎ ለጤና ጣቢያው ሊነግር ቀድሞን ሮጠ። ሐጂ ኢሳ ሱቃቸውን ዘግተው ዣንጥላቸውን ዘረጉባቸውና ከጎን ከጎን ተከተሉን። «እኔንም ተሸክመውኛል» አሉ፣ «ዛሬ ደግሞ የእኔ ተራ ነው።»

መጀመሪያ ላይ ትእዛዙ አልቀረም። «አትክልት፣ ድንጋዩን እየው። ዘመነ፣ አታዘንብል።» እየቆየ ቃሉ አጠረ፤ ገበያውን ስናልፍ ጨርሶ ጠፋ። ጭቃው ጉልበታችን ድረስ ነው። «እማዬ?» አለ ዘመነ። መልስ የለም። «እማዬ!» አሁንም የለም። ሐጂ ኢሳ ይሉት የነበረውን ዱዓ አቋረጡ። መክሊት «አትቁሙ» አለች።

ፈራሁ። ስንት ማለዳ ይህ ጩኸት ምነው ባረፈልኝ ያልኩት እኔ፣ አሁን ጆሮዬን ጋቢው ላይ ጥዬ አንዲት ቁጣ እየለመንኩ ነበር። ማን ይቀሰቅሰናል? እነዚህን ሦስት ልጆች ማን ይቆጣቸዋል? እንባዬ ዓይኔን ሲሞላው እግሬ ተንሸራተተና ጫፌ ከእጄ ወጥቶ ጭቃው ላይ ዷ አለ። አልጋው ዘመመ።

ከጋቢው ሥር ዝግ ያለ፣ ግን የማይሳሳት ድምፅ መጣ።

«ያንን ጫፍ የያዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ አየሁሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንቱን ጥዬ...»

«አንቱታሽን ተይና ጫፍሽን ያዢ!»

ልጆቹ እየሳቁ ተንሰቀሰቁ። ሐጂ ኢሳ ዣንጥላውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ ተቆጣች!» አሉ። የቀረውን መንገድ እንዴት እንደ ጨረስነው አላውቅም፤ በየርምጃው ስትሰድበኝ ነው የደረስነው። ነርሷ ደሟን አይታ መርፌውን ስትሰካላት «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን» ብላ የቀረውን ተወችው። አየሁሽ ነርሷን አየት አድርጋ «ይሄ ወለል የሚጠረገው መቼ ነው?» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው የምላት፤ ታዝዤ ነው። እኔ ለሰው ሁሉ የምናገረው አልጋውን ሆን ብዬ እንደ ጣልኩት ነው፤ እንድትቆጣ፣ ነፍሷ እንድትመለስ። እሷ ደግሞ «ይቺ ሰነፍ፣ ክንዷ ዝሎ ነው» ትላለች። ልጆቹ በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት መስጠት አይፈልጉም።

ከተሻላት በኋላ ሐኪም ከባድ ነገር አታንሺ አላት። ስለዚህ ወደ ማታ ላይ፣ ግቢው ውሃ ከተረጨ በኋላ፣ ከአጥሩ ወዲያ ጥሪ ይመጣል። «መክሊት! አትክልት! ዘመነ!» ትልና ትንፋሽ ትወስዳለች። «አንቺ ቲቸር! እጅ የተሰጠሽ ለምንድን ነው?» የማርመውን ደብተር ትቼ በአጥሩ ቀዳዳ እሾልካለሁ። የሰፈሩ ሰው አየሁሽ ሦስት ልጆች አሠልጥናለች ሲል እሰማለሁ። ሲቆጥሩ ይሳሳታሉ።

ትናንት አልጋውን አውጥተን ራኩባው ፊት አስቀመጥነው። ወገቧን ይዛ ዞረችው። የመክሊትን ጫፍ አየች፣ የአትክልትን፣ የዘመነን አየች። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ የአልጋውን እግር ነካ አደረገችው፤ ነቅነቅ አላለም።

«ምንም አይልም» አለች።

ወደ ቤቴ ስመለስ ደረቴን ነፍቼ እንደ ነበር ወንድዬ ነው የነገረኝ።