የእግሬ ጣት ምስክርነት

ኑ ልጆቼ፣ ተጠጉና ቁጭ በሉ። ያ ዱካ ስለሚወላገድ ግድግዳውን ተደገፉ። የማወራችሁ ሕልም ነው፤ ሳቁበት፣ ግን አትናቁት።

ትናንት ከምሳ በኋላ ማስታገሻዬን ውጬ ጋደም እንዳልኩ ሕልም አየሁ። ሚኒባስ ከገጨኝ ሦስት ወር ሆኖኛል። የባለመኪናው ሽማግሌዎች ለእርቅ ይመጣሉ ተብሎ እየጠበቅኋቸው ነበር። የሐኪም ቤቱን ወጪና አንድ በግ ይሰጡኛል፣ እኔ ደግሞ ወረቀት እፈርማለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልፈርም ነበር። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እንዴት እምቢ ይባላል? ሐኪሙም «አጥንትህ ገጥሟል፣ ትሄዳለህ» ብሎኛል። እርግጥ ነው፣ እሄዳለሁ። ሸማኔ ግን በእግሩ የሚሄድበት ብቻ አይደለም፣ የሚሠራበትም ነው። ቁጭ ብዬ የምሸምንበት ጉድጓድ ገብቼ መርገጫውን በእግሬ አውራ ጣት ልጫን ስል ጣቴ አልታዘዝ አለችኝ።

በሕልሜ ሐኪም ቤት ነበርኩ። አልጋው ላይ የተኛው ሚኒባሱ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የፊት ጎማው በጀሶ ታሽጎ ያቃስታል። ሐኪሙ እኔ ነኝ።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አልኩት።

«መስታወቴን። ሰውዬው ጠጣር ነበር።»

«ትሄዳለህ» አልኩና አሰናበትኩት።

ወደ ቤቴ ስመጣ ከደጃፌ እስከ ታክሲ ማዞሪያው ሰልፍ ተይዟል። የተሰለፉት የኢንሹራንስ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ፎቶ ኮፒ ታቅፈዋል። ባለቤቴ ፋንታዬ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ «ዛሬ ሲስተም የለም! ነገ ኑ!» ትላቸዋለች።

«እማማ፣ እባክዎ፣ አራተኛ ቀናችን ነው» አለ አንዱ ክራባት ያሰረ።

«ጉርድ ፎቶህስ?»

«ይኸው።»

«አንዱ ጆሮህ አይታይም። ሁለቱም የሚታይበት አምጣ።»

ቤት ስገባ ችሎት ተሰይሟል። ዳኛዋ ያቺ የእርቅ በግ ናት። እኔ የምሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ራሷ ብቻ ይታያል። «ተነሱ!» ሲባል ሁሉም ቁጭ አለ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ይገባ የለ? እዚህ ድንጋዩ ነው ባለመኪናውን አዝሎ የገባው።

«ይማሩን» አለ ድንጋዩ እያለከለከ።

«ሕክምናውን ልከፍል ነው፤ ሌላ ምን ቀረ?» አለ ባለመኪናው ከላይ ሆኖ።

በጓ «ጉዳዩ በእኔ መታረድ ስለሚያልቅ በጥንቃቄ ነው የማየው» አለችና ወደ እግሬ ዞረች። «ምስክሯ ትቅረብ!»

ጣቴ ጫማዬን ራሷ ፈትታ ወጣች።

«ሥራሽ?»

«ሸማኔ።»

«ሸማኔው እሱ አይደለም እንዴ?»

«እሱማ ላይ ሆኖ እጁን ያወናጭፋል። ታች የምረግጠው እኔ ነኝ። አርባ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልቀረሁም!»

«አሁን ምን ጎደለ?»

«አስገቧቸውና እዩ።»

«ያልተሸመኑት ይግቡ!» አለች በጓ።

በሩ ሲከፈት ጋቢዎች በእግራቸው እየሄዱ ገቡ። ጠርዛቸው ገና ክር ነው።

«እኔ ባለፈው ወር ልሠራ የነበርኩ ነኝ» አለ አንዱ።

«እኔ የመጪው ፋሲካ ነኝ» አለ ሌላው።

«እኔ ከአምስት ዓመት በኋላ ለአንዲት የሙሽራ እናት የምሸመን ነበርኩ» ብላ አንዲት ነጠላ አለቀሰች።

ቤቱ ሞላ፤ እነሱ ግን መግባታቸውን አላቆሙም። ቀጥሎ የፋንታዬ ወገብ ብቻውን ገባ። «ሦስት ወር እሱን ደግፌ የማነሳው እኔ ነኝ፤ ማን ጠየቀኝ?» አለ። ከሁሉም በኋላ ሕመሜ መጣና ጥግ ይዞ ቆመ። «እኔ የሐኪም ቤቱ ደረሰኝ ላይ የለሁም» አለ ቀስ ብሎ።

ባለመኪናውን ላብ አጠመቀው። «ይህ ሁሉ የእኔ ነው?»

በጓ ፍርዷን ልትናገር አፏን ስትከፍት እጄን ቀዝቃዛ ነገር ነካኝና ነቃሁ።

አልጋዬን ሦስት ሽማግሌዎች ከበውታል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሽብሩ የእጄን አውራ ጣት ሐምራዊ ቀለም ቀብተው ወደ ወረቀት እየሳቡት ነው። ፋንታዬ ወፍጮ ቤት ሄዳለች።

«ምን እያደረጉ ነው፣ አቶ ሽብሩ?»

«እንቅልፍህን እንዳንረብሽ ብለን ነው፣ አንጁሎ። ተኛ፣ ተኛ» አሉኝ በሹክሹክታ።

እጄን መነጨቅኩ። «ያንብቡልኝ።»

«የእርቅ ወረቀት ምኑ ይነበባል?»

«ያንብቡልኝ ብያለሁ!»

አነበቡ። በዚህ አደጋ ምክንያት አሁንም ሆነ ወደፊት ምንም ዓይነት ካሳ ላልጠይቅ ተስማምቻለሁ ይላል። «ወደፊት» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ።

«ሰውዬውን ይቅር ብዬዋለሁ፣ ንገሩልኝ» አልኩ። «ይምጣና አቅፈዋለሁ። ይሄን ግን አልፈርምም። ካሳውን ፍርድ ቤት እጠይቃለሁ።»

«ሽማግሌ ታሳፍራለህ?»

«ሽማግሌ እኔም ነኝ!»

በጓን ይዘው ሄዱ። እኔ እንኳ በግ መምጣቷን ያወቅኩት በሩ ላይ ስትጮህ ነው።

ልጆቼ፣ ሰው የጎዳችሁ ቀን ሽማግሌ ሲመጣ ተነሡ፣ አስገቡ፣ ይቅርም በሉ። ፊርማ ግን ሌላ ነገር ነው። ምን እንደጎደለባችሁና ገና ምን እንደሚጎድልባችሁ ሳታውቁ ጣታችሁን ለማንም አትስጡ። እባካችሁ፣ ይቺን አስታውሱልኝ።