አንዴ የበረሩት ጋሽ ፈረደ

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳፍሮ ዕድሜ ልኩን የአውሮፕላን ዐዋቂ የሚሆን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አጎት አሉኝ፤ ጋሽ ፈረደ። በወጣትነታቸው ከሱዳን ወደ እስራኤል አራት ፕሮፔለር ባለው አውሮፕላን መጡ። ዛሬ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን አውሮፕላን ሁሉ ያርማሉ። «ይኼ አብራሪ ቸኩሏል» ይላሉ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝና፣ ለኮሌጅ የማስረክበውን አቮዳ፣ የጽሑፍ ሥራዬን፣ አነበብኩላቸው። ስለ ቫይካውንት ነው፤ በተርቦፕሮፕ፣ ማለትም ፕሮፔለር በሚያዞር የጄት ሞተር፣ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የመጀመሪያው አውሮፕላን። «በረራው ከመርጋቱ የተነሣ ተሳፋሪዎች ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም በጠርዙ ያቆሙ ነበር» ስል አስቆሙኝ።

«ውሸት ነው፣ ሰርዘው! ፕሮፔለር አጥንት ያራግፋል። እኔን ጠይቀኝ!»

ምን ይሻላል? ብሰርዘው መምህሬ ይጥለኛል፤ ባልሰርዘው አጎቴ ይቀየሙኛል።

«ጋሼ፣ ያኔ እንዴት ነበር የተቀመጡት?» አልኩ በጥንቃቄ።

«ወለሉ ላይ። እናቴን እቅፍ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።»

«እስኪያርፍ ድረስ?»

«እስኪያርፍ ድረስ።» ወደ ወረቀቴ ጠቆሙ። «ተወው ልጄ፣ አትሰርዘው። የተንቀጠቀጥኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

ወዲያው አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ጋሽ ፈረደ ቀና አሉ።

«ይኼኛው ግን በእርግጥ ቸኩሏል።»