መነጽር ያደረገው ሐዘንተኛ

በቴሌቪዥናችን ወንድ ማለት ሲጠሩት የማይመልስ ሰው ነው። ሚስቱ "ምን ሆነሃል?" ትለዋለች፤ ወደ መስኮቱ ሄዶ መጋረጃውን ገለጥ ያደርግና አስፋልቱን ያያል። ክፉ ወሬ የደረሰው እንደሆነ በእጁ ያለውን ብርጭቆ ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፤ ወዲያው ትዕይንቱ ይቀየራል። ስብርባሪውን ማን እንደሚጠርገው እስከ ዛሬ ታይቶ አያውቅም። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። በእኛ ቤት ትዕይንቱ አልተቀየረም። ባለቤቴ አስናቀች መጥረጊያውን አምጥታ አጠገቤ አቆመችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ይህ ወንድ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ቲማቲም ሲገዛ አይታይም። ጉንፋን አይዘውም። ጀሪካን ይዞ ውሃ አይጠብቅም፤ ውሃ የማይጠፋበት ሰፈር የት እንደሆነ ቢነግሩን እኛም በተከራየን። ከሁሉ በላይ ግን አያለቅስም። ማንም ይሙትበት፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ ይቆማል። ካሜራው ወደ መንጋጋው ይጠጋል። መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። አዘነ ማለት ነው።

አልስቅበትም። እኔም ወንድነትን የተማርኩት ከዚያው ነው።

ላምበረት ዛሬ እንደምታዩት ሳይሆን በፊት፣ ወደ ደሴ የሚወጡ አውቶብሶች መንገድ ዳር ቆመው ጭነት ሲጨምሩ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከኪዳኔ ጋር ጫኝ አውራጅ ነበርኩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አላወራም። እናታችን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ እኛ አውቶብስ ጣራ ላይ እንወጣለን። ለዝናብ አንድ ላስቲክ ነበረን፤ ለሁለት። ይበቃል።

እሁድ እሁድ ቪዲዮ ቤት እንገባለን። ጨለማ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ የስድሳ ሰው ላብ። ቋንቋው አይገባንም፤ ጡጫው ግን ይገባናል። አንድ ሰው ሃያ ሰው ይደበድብና ኮቱን ያራግፋል። ትምህርቱን የምሬን ያዝኩት። በሳምንቱ ከሁለት ጫኞች ጋር ተጣላሁ፤ ሃያ አላልኩም፣ ሁለት። ኮቴን ያራገፈው ኪዳኔ ነው። እኔ ኮቱ ውስጥ ተኝቼ ነበር።

ዝምታውንም ሞክሬዋለሁ። ሻይ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። ወንድ አይለፈልፍም ብዬ ሰባት ወር ሙሉ ዐይን ዐይኗን እያየሁ ሻይ ጠጣሁ። በስምንተኛው ወር በእጇ ምልክት ታናግረኝ ጀመር፤ ደንቆሮ መስያት ኖሯል። በኋላ የታክሲ ረዳት አገባች። ከጠዋት እስከ ማታ መጮኽ እንጀራው የሆነ ሰው!

እንግዲህ ዳር ዳር የምለው አንድ ጥፋት ስላለብኝ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት እናታችን ሞተች። መቼም በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ወንድ ያለቅሳል። ደረቱን ይመታል፣ ይዘላል፣ ሰው ይይዘዋል። ያላለቀሰ ይታማል። ኪዳኔ ወጉን አደረሰ፤ የያዘው ሦስት ሰው ነው። እኔ ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ እጄን አጣምሬ፣ የድንኳኑን ቋሚ ተደግፌ ቆምኩ። መንጋጋዬ ተንቀሳቅሷል፤ ካሜራ ግን አልነበረም፣ ማን ያያል? ከመነጽሩ ሥር የነበረውን አልናገርም።

በሳልስቱ ኪዳኔ ሽማግሌዎች ፊት፣ "አንተ የቆምከው ለእናትህ ነው ወይስ ታክሲ እየጠበቅህ?" አለኝ። መመለስ ነበረብኝ። ወንድ ግን አይመልስም። ወደ መስኮት እንዳልሄድ ድንኳን መስኮት የለውም። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። አምስት ዓመት ሞላን። ሽማግሌ ሲላክበት "አፍ ካለው ራሱ ይምጣ" ይላል፤ ወደ እኔ ሲመጡ "ታላቅ እሱ ነው፣ ይጥራኝ" እላለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዝም አይነቅዝም የሚሉም አሉ። የእኛ ነቅዟል። እኔ ከሲኤምሲ ጀርባ፣ እሱ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ በከፈታት ሱቅ፤ መንገዱ ካልተዘጋ በሚኒባስ ሩብ ሰዓት ነው። አልተሄደም።

ዘንድሮ በበጋ አንድ የተከታታይ ድራማ ቡድን ለቅሶ ሊቀርጽ ወደ ሰፈራችን መጣ። ድንኳን ፈለጉ። የእድራችን ንብረት ያዥ እኔ ነኝና ወደ እኔ መጡ። ድንኳኑ ላይ የእድሩ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ አግዳሚዎቹም ላይ እንደዚያው። ዳይሬክተሩ፣ ኮፍያ የማይለየው ትሁት ልጅ፣ "ይሄማ እውነተኛ ነው!" ብሎ ተደሰተ። ደጄ ሰፊ ስለሆነ እዚያው ተከሉት። ቀጥሎ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ አየና፣ "ጋሼ፣ እርስዎማ የግድ ይገባሉ። ይሄ ፊት ብዙ ታሪክ አለው" አለኝ። ታሪኩ አንድ ነው፤ ከደሴ አውቶብስ ጣራ የብረት አልጋ ወርዶብኝ ነው። አልነገርኩትም።

የሟች ወንድም አደረጉኝ። ቃል የለኝም። "ገጸ ባሕሪው ወንድ ነው፤ አያለቅስም። ቋሚውን ተደግፈው፣ መነጽር አድርገው፣ እጅዎን አጣምረው ይቆማሉ። ይችላሉ?" አለኝ።

"ልምድ አለኝ" አልኩት።

ሰው ሠራሽ ጺም ለጠፉብኝ። የሟቹ ፎቶ እኔን መምሰል አለበት ስላሉ የራሴን የወጣትነት ፎቶ ሰጠኋቸው፤ ኮት ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ የተነሣሁትን። አሳድገው፣ ጥቁር ሪባን አስረው በሩ ላይ አቆሙት። አስናቀች፣ "በቁምህ! ሟርት ነው፣ አስወርደው!" አለችኝ። ወንድ ሟርት አይፈራም አልኳት። "ወንድ ጭንቅላት የለውም በለኝ" ብላ ገባች። ከዚያ ሁላችሁም ስልካችሁን አጥፉ ተባልን። አጠፋን።

አሁን እስቲ ፍረዱ። የእድር ድንኳን ተተክሎ፣ ፎቶ ቆሞ፣ ጎረቤት ተደርድሮ፣ "ይቅርታ፣ የእውነት ነው ወይስ የድራማ?" ብሎ የሚጠይቅ የአዲስ አበባ ሰው ታውቃላችሁ? ለቅሶ ቤት መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ በኋላ ይጣራል። የወሎዋ በርበሬ ነጋዴ እትዬ ዘሀራ ዘምቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ገቡ። ዳይሬክተሩ በጣም ወደዳቸውና፣ "እናቴ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልን" አላቸው። "ስንት ጊዜ ሊሞት ነው?" ብለው ተቆጥተው ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለችውን ሴት "ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?" ያሉት ከሦስት ቀረጻ በኋላ ነው።

በዚያው ሰዓት ከልጅነታችን የሚያውቀን የሚኒባስ ሹፌር በደጄ አለፈ። ድንኳኑን አየ። ፎቶዬን አየ። ደወለልኝ፤ ስልኬ ዝግ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ላምበረት ሲደርስ ኪዳኔን አረዳው።

አምስተኛው ቀረጻ ላይ ነበርን። ቋሚዬን ተደግፌ መንጋጋዬን እያንቀሳቀስኩ ሳለ ከአስፋልቱ በኩል የማውቀው ድምፅ መጣ። ኪዳኔ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንድ ጫማውን የሆነ ቦታ ጥሎ፣ ደረቱን እየደቃ ገባ።

"ደሳለኝ! ደሳለኝ! እኔ ነኝ የገደልኩህ! አምስት ዓመት ያኮረፍኩህ እኔ ልደፋ!"

ዳይሬክተሩ ካሜራ ያዡን በእጁ "ቀጥል፣ ቀጥል" ይለዋል። ኪዳኔ ፎቶው ሥር ወደቀ። "ላስቲኩን ለእኔ ሰጥቶ ዝናብ የሚመታው ወንድሜ!" አለ። ሰው ሁሉ የምሩን አለቀሰ። "በረሮ የሚፈራው ወንድሜ!" አለ። ሰው ለቅሶውን ገታ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። "ደንቆሮ ነው ብላ የተወችህ፣ ወንድሜ!" አለ። አስናቀች ይህን ለመስማት ከቤት ወጣች።

እኔ አልተነቃነቅሁም። አትነቃነቅ ተብያለሁ።

ሰዎች ደግፈው አነሡት። እንደ ወጉ ወደ ዋናው ሐዘንተኛ መጣ፤ ወደ እኔ። በጺሙና በመነጽሩ አላወቀኝም። አቀፈኝና በጆሮዬ፣ "ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። ምን አገኘው? ሲሞት... እኔን ጠርቶኝ ነበር?" አለኝ።

ካሜራው በአጠገባችን ነው። ቃል የለህም ተብያለሁ።

"ኪዳኔ፣ አልሞትኩም" አልኩት። መነጽሩን አወለቅሁ። ጺሙ አብሮ ወረደ።

መጀመሪያ በጥፊ አጮለኝ። ተገቢ ነው። ከዚያ አንገቴን ይዞ ያለቅስ ጀመር። እኔም መነጽር የለኝ፤ አለቀስኩ። የእናታችንንም ጨምሬ። ሦስት ሰው ያዘኝ።

"ካት! ጋሼ፣ አያለቅስም ተባብለን አልነበር?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ተወው አንተ ልጅ!" አሉት እትዬ ዘሀራ። "የሞተ ሰው ተነሥቶ አንተ ስለ እንባ ታወራለህ?"

እኔ ከሚናዬ ተነሣሁ። ወንድነቴ አላሳመነም። ኪዳኔን ግን ዳይሬክተሩ አልለቀቀውም፤ እንዲህ ያለ ጥፊ አይቶ አያውቅም። የወንበዴ አለቃ አደረገው። ኪዳኔ በመጀመሪያው ቀን የታሰረውን ሰው ሲገርፉት አይቶ አለቀሰ። ዳኛ አደረገው፤ ፍርዱን ሲያነብ አለቀሰ። በመጨረሻ ማልቀስ የማይቻልበት ሚና አገኘሁ ብሎ መጣ፤ ሬሳ። ኪዳኔም "እሱስ አያቅተኝም" አለ።

ክዳኑ የተከፈተ ሳጥን ውስጥ አስተኙት። እኔን ከለቀስተኞቹ መሐል አቆሙኝ፤ እንደ ልብህ አልቅስ ተብዬ። ቀረጻው ተጀመረ። "ወንድሜን!" አልኩ። ለድምፁ ገና አዲስ ነኝ፤ ከፍ ብሎ ወጣ። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ሳጥኑ ተጠጋ፤ ተጠጋና ቆመ።

"ካት!" አለ ዳይሬክተሩ፣ ኮፍያውን መሬት ወርውሮ። "ጋሽ ኪዳኔ! ሬሳ ያለቅሳል እንዴ?"

ኪዳኔ ከሳጥኑ ቀና ብሎ ዐይኑን በእጁ ጠረገ።

"ታናሼ እያለቀሰ ዝም ብዬ ልተኛ?" አለው።