የጭስ ሐኪሙ ሙሐመዲን

የሰው መኪና ሲጨስ እያየ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ የመካ ሰፈር፣ ለሩሰይፋ፣ የደረሰው ክቡር ዶክተር ሙሐመዲን ነው፤ የወሎ ልጅ፣ መካኒክ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው።

ክቡርነታቸው ሳይጠሩ ይመጣሉ። የጎረቤታችን የሙሕሲን ሰርግ ላይ የኪራይዋ የስፖርት መኪና ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ተፋች። ሙሽሪት እልል እየተባለላት ልትገባ ስትል እሳቸው የጭስ ማውጫው ማርሚታ ሥር ተንበርክከው ጭሱን ያሸቱ ነበር። አጃቢውን በሙሉ አስተማሩት፦ ቆማ ቆይታ ስትነሳ ብቻ ከጨሰች፣ የቫልቩን አንገት የምትይዘው ትንሽ ጎማ፣ ጎሚኒዋ፣ ደርቃ ዘይት አሳልፋለች ማለት ነው፤ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ከጨሰች ግን የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተሩ መፈታት አለበት። "ፋሻው አይደለም፣ ጎሚኒው ነው" የምትለዋን አባባላቸውን የሩሰይፋ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቋታል።

ጥቅምት 2006 መጨረሻ ላይ ወረቀት የሌለው ስደተኛ አፈሳ ሲጀመር ሐበሻው በሩን ዘጋ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት መካ ነው፣ ወረቀት አለኝ። ሙሐመዲን ግን ውጭ ሞተር በተነሳ ቁጥር መስኮቱ ላይ ይሰቀላል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ዝም ሊል ወላሂ አስባልኩት። ፍተሻው ሰፈራችን ሲደርስ ጂዳ አክስቴ ሱረያ ዘንድ ልደብቀው በመኪናዬ ይዤው ወጣሁ።

ኬላው ጋ ስንደርስ የኋላ ወንበር ላይ የተኛ መስሎ ተጋደመ። ወታደሩ ኢቃማዬን አይቶ እለፍ አለኝ። ከጎናችን ሞተር አጥፍቶ ሲጠብቅ የቆየ አንድ የሳዑዲ ጎረምሳ የስፖርት መኪናውን አስነሳ። ሰማያዊ ጭስ። ወታደሩ ሲቀልድበት ጎረምሳው ሞተሩ አልቋል እንደተባለና ነገ ሊያስፈታው እንደሆነ ነገረው።

የኋላው መስኮት ወረደ።

"ወንድሜ፣ ስትነዳም ይጨሳል ወይስ ስታስነሳ ብቻ?" አለ ሙሐመዲን፣ በዚያ ወሎዬ ዓረብኛው።

"ሳስነሳ ብቻ" አለ ጎረምሳው። ወታደሩ ግን ወደ ሙሐመዲን ዞር ብሎ ኢቃማውን ጠየቀው።

እኔን ተቆጥተው ለቀቁኝ። እሱን ወደ ሹመይሲ፣ ተባራሪዎቹ ወደሚታጎሩበት፣ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ሲጭኑት አለቀስኩ። ለእናትህ ምን ልበል ብዬ ጮህኩ። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ መለሰልኝ።

"ፉኣድ፣ ልጁን ድረስበት። ሞተሩን እንዳያስፈታ።"

ከሱ የበለጠ ወዳጅ የለኝም፤ ያን ሰዓት ግን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። አውቶቡሱ ሄደ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ መቅዳት ብቻ ነው። ከኬላው ሳይወጣ ሄጄ የጎረምሳውን መስኮት አንኳኳሁና ያችን ጎማ ብቻ ያስቀይር ዘንድ፣ ሞተሩን ማንም እንዳይነካው፣ አንድ በአንድ ነገርኩት።

"መካኒክ ነህ?" አለኝ።

"አይደለሁም" አልኩት። "መካኒኩንማ አሁን ወሰዳችሁብኝ።"