በብራዚል በኩል ሄዶ የሚመለስ ሰው

መሄድ ላይ እኛን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። ከሆሳዕና መናኸሪያ ተሸኝተን፣ ሞያሌን አቋርጠን፣ ኬንያን ታንዛኒያን ሞዛምቢክን ግማሹን በጭነት መኪና ግማሹን በእግራችን ጨርሰን ጆሃንስበርግ የገባን ሰዎች ነን። ገብተንም አላረፍን። ከመካከላችን ስንቱ ሱቁን ለጓደኛው አስረክቦ፣ ብራዚል ድረስ በአውሮፕላን፣ ከብራዚል ደግሞ ጫካውንም ወንዙንም እያለፈ አሜሪካ ገብቷል። «በብራዚል በኩል» ካላችሁን ሌላ ማብራሪያ አንፈልግም፤ የቀረውን እኛው እንሞላዋለን። የመሄጃውን መንገድ ጠይቁን፣ የትኛው ኬላ ላይ ምን ተብሎ እንደሚታለፍ ሳይቀር እንነግራችኋለን። ስለ መመለሻው ከጠየቃችሁን ግን እርስ በርስ እንተያያለን። ደርሶ መልስ እኛ ዘንድ የቲኬት ዓይነት ነው እንጂ ሰው የሚያደርገው ነገር አይደለም። ይህን የተረዳሁት ደግሞ በብልሃት ሳይሆን በንዴት ነውና፣ ንዴቴን ላጫውታችሁ።

እኔ ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ ጀፕ በምንለው የሐበሻ ነጋዴዎች ሰፈር፣ አንድ የድሮ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ የምሸጥ የአርባ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነኝ። ሱቄ ጥግ ላይ የስፌት መኪና አለችኝ፤ ደንበኛ ሲጠፋ መጋረጃ እሰፋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ፒተር የሚባል ጡረታ የወጣ ነጭ ሽማግሌ፣ ትልቅ ጥቅል ሸራ ተሸክሞ እያለከለከ ደረጃውን ወጣና፣ ይህን የሚሰፋልኝ ሰው አጣሁ አለኝ። ልኩን በዓይኔ ካላየሁ አልሰፋም ብዬ ተከትዬው ስሄድ፣ ያገኘሁት ከከተማው ራቅ ብሎ ያለ ግድብ ላይ የተንሳፈፈች የሸራ ጀልባ ነው። ጆሃንስበርግ ባሕር የላትም፤ ባሕር ያማረው ሰው ደርባን ድረስ ግማሽ ቀን መንዳት አለበት። ግድብ ግን አላት፣ ንፋስም አላት፣ እንደ ፒተር ያሉ እብዶችም አሏት። አንድ ቀን አብሬው ወጣሁ። ሞተር የለ፣ ጩኸት የለ፣ ሸራው ንፋሱን ሲይዝ ጀልባዋ ዘንበል ብላ ትሄዳለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የትም ለመድረስ ሳይሆን እንዲሁ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከጸሎት ፕሮግራም እንደወጣሁ መኪናዬን ወደ ግድቡ ማዞር አመል ሆነብኝ።

ዘንድሮ ፒተር ኬፕታውን ላይ ከፍ ያለች ጀልባ ገዛና፣ አራት ሆነን አትላንቲክን አቋርጠን ብራዚል እናድርሳት አለኝ። ከመጋረጃ ሻጭ ምን ፈለገ አትበሉ፤ መሐል ውቅያኖስ ላይ ሸራ ሲቀደድ የሚሰፋ ሰው ያስፈልገዋል። «አንተ ትሰፋለህ፤ ደግሞ አታማርርም» አለኝ። የመጀመሪያው ልክ ነው። በጀልባ ሄደን፣ እኔ ብራዚል ላይ ወርጄ በአውሮፕላን ልመለስ፣ ሁሉ ነገር ሁለት ወር እንደሚፈጅ ተነጋገርንና እጅ ለእጅ ተጨባበጥን።

ዝግጅቱ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ዕድሜዬ ዋና ተማርኩ። ቤኖኒ አካባቢ አንድ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነፍስ አድን ጃኬት አጥልቄ ዘልዬ ገባሁ፤ እንደ ፍራሽ በአየር የተነፋች ጀልባ ላይ ራሴን ለመስቀል ስታገል የአንድ ጉልበቴ ቆዳ እዚያው ቀረ። ፒተር መሐል ባሕር ላይ ጥርስህን ቢያምህ የሚነቅልልህ የለም ስላለኝ ሁለት መንጋጋ አስሞላሁ። በአራት ሰዓት ፈረቃ መንቃት እንድለምድ ታዘዝኩ። ጫማዬ ነጭ ሶል ያለው ይሁን ተባልኩ፣ ጥቁሩ ወለሉን ያቆሽሻል። ዋናው ትእዛዝ ግን የሻንጣው ነበር። አንድ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ፣ አሥራ አምስት ኪሎ፣ ከዚያ ግራም አይበልጥም። ይህችን አሥራ አምስት ኪሎ ያዙልኝ፣ ጉዴ ያለው እሷ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን ቪዛው መጣ። ቋሚ የመኖሪያ ወረቀት አለኝ፣ የመመለሻ ቲኬቴን አሳየሁ፣ የማላውቃት ሴት በመስኮት ውስጥ ሆና አየችኝና ፓስፖርቴ ላይ የብራዚል ቪዛ መታችልኝ። አንዲት ባዕድ፣ በአምስት ደቂቃ፣ ይህ ሰው ይመለሳል ብላ አመነች። ይህን እምነት ከወገኖቼ መካከል ስፈልገው ስንት ቀን እንደባከንኩ ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ።

ወሬው ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሰው ሁሉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ለሽርሽር ነው፣ እመለሳለሁ ስል፣ እየሳቁ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል፤ ገብቶናል፣ ማለት ያለብህ እንደዚህ ነው፣ ጎበዝ፣ ለማንም እንዳትናገር። አጠገቤ ሱቅ ያለው ሸምሱ፣ ከስልጤ የመጣ፣ አሥራ ሦስት ዓመት አንድ ግድግዳ የተጋራን ወዳጄ፣ የባሰውን አመጣ። ብቻዬን ስሆን ጠብቆ ገባና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሱቁን ለማን አስበኸዋል አለኝ። ለማንም አልኩት። እሱ ግን ግድግዳውን አፍርሶ ሁለቱን ሱቅ አንድ ለማድረግ ሜትር ይዞ መጥቶ ኖሯል፤ እያወራሁት ወርዱን ይለካል። እኔ ደግሞ እየተናደድኩ የሜትሩን ጫፍ ይዤለታለሁ!

ያመነችኝ ከዳቬይተን እየመጣች ብርድ ልብስ የምትወስድ የዙሉ ደንበኛዬ ብቻ ናት። በቋንቋዋ «ሃይቦ!» ብላ ተገረመች፣ በውሃ ላይ ሁለት ወር ምን ትበላለህ ብላ ጠየቀችኝ፣ ስትመለስ ትነግረኛለህ ብላ ሄደች። «ስትመለስ» ያለችኝ ሰው እሷ ብቻ ስለሆነች ያን ቀን ቅናሽ አደረግኩላት።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መድረክ ላይ አወጡኝ። እግዚአብሔር ስለከፈተልኝ በር ምስክርነት ስጥ ተባልኩ። ማይኩን ይዤ፣ ቅዱሳን፣ እኔ እኮ በጀልባ ሄጄ በአውሮፕላን እመለሳለሁ ብል፣ አዳራሹ «አሜን» አለ። መጋቢያችን እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። ጸሎቱ ስለ ማዕበሉ አንድ ቃል የለውም፤ ስለ ጫካው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ድንበር ጠባቂዎቹ ዓይን ነው። እኔ አልሄድበትም እንጂ ለሚሄድበት ሰው እንዴት ያለ የተሟላ ጸሎት ነበር።

ከዚያ ሻንጣዬ መሙላት ጀመረ። መቼም አገር የሚለቅ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ የሰው አደራ ያልያዘ መንገደኛ አይታችሁ አታውቁም። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሦስት ኪሎ በሶ አዘጋጁ። አንዱ ለአሜሪካ ብርድ ይሆናል ብሎ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ካፖርት አመጣ። ሸምሱ ሚኒሶታ ላለች የአክስቱ ልጅ ሁለት ኪሎ በርበሬ ሰጠኝ። እኔ ሚኒሶታ አልደርስም ስለው፣ ከደረስክ ነው እንጂ ካልደረስክማ ምን ይደረጋል አለና በርበሬውን ትቶልኝ ወጣ። ሌላው ሰው ያመጣውን ልተወው፣ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ከሁሉ ይልቅ ያናደደችኝ ግን ባለቤቴ ታደለች ናት፤ ያናደደችኝ ደግሞ ዝም በማለቷ ነው። አትሂድ ብትለኝ እንጨቃጨቅ ነበር፣ ጭቅጭቁ ውስጥ እመለሳለሁ የሚለውን አሥር ጊዜ እላት ነበር። እሷ እሺ አለች፣ በቃ። ካልሲዎቼን ጠቀለለች። ለሁለቱ ልጆቻችን አባታችሁ ሊሄድ ነው ብላ ነገረቻቸው፤ ሊመጣ ነው የሚለውን ግን ከአፏ አልሰማሁም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ከብራዚል በኋላ ስንት አገር ይቀራል ብላ ጠየቀችኝ። ከብራዚል በኋላ ቤቴ ነው አልኳት። እሺ አለችና ወደ ሸሚዟ ተመለሰች።

ወደ ኬፕታውን ልበር አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሻንጣውን፣ ከሱቅ ወደ ቤት ባመጣሁት የብርድ ልብስ እስር በምንመዝንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ላይ ሰቀልኩት። ሃያ አራት ኪሎ! ፒተር የት ድረስ እንደሚጮህ ታየኝ። ወለሉ ላይ ዘርግፌ ማውጣት ያዝኩ። በሶው ወጣ። ካፖርቱ ወጣ። በርበሬው እያስነጠሰኝ ወጣ። አሁንም አሥራ አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሆነ። ስፈትሽ፣ ከሥር፣ ከካልሲዎቹ ታች፣ በላስቲክ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር የታሸገ ጠፍጣፋ ነገር አገኘሁ። ይህ ደግሞ የማን አደራ ነው ብዬ እየተራገምኩ ቀደድኩት።

የጋብቻ ወረቀታችን ነው። የሁለቱ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት። የክትባት ካርዳቸው። የሦስቱም ፓስፖርት ኮፒ። ከዚያ አዲስ የተነሱት ጉርድ ፎቶ፣ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት፤ ትንሿ ልጄ ጆሮዋ እንዲታይ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተይዟል። ፎቶ ቤት መቼ እንደሄዱ እንኳን አላወቅኩም።

ታደለች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ደርሰህ እኛን ለማስመጣት ስትጠይቅ ወረቀት ጎደለ እንዳይሉህ ነው» አለችኝ።

«ታደለች፣ እመለሳለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ሆሳዕና ላይም ሁለት ዓመት ብለኸኝ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ሰው ሁሉ ተይው ሲለኝ አልተውኩህም። በሰባተኛው ዓመት ራሴ በዚያ መንገድ ተከትዬህ መጣሁ። አሁን ግን ልጆች አሉኝ፣ ውቅያኖስ ላይ ተከትዬህ አልመጣም። ወረቀቱን ያዝልኝ።»

እንግዲህ ስንት ሳምንት ሙሉ ሰው አላመነኝም ብዬ ስቃጠል የከረምኩት እኔ፣ እዚያ ወለል ላይ፣ በካልሲዎች መካከል ቁጭ ብዬ ጉርድ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ያዝኩ። ውሸት ያለችው ነገር የለም። ሁለት ዓመት ብዬ የወጣሁት ሰው እኔው ነኝ፤ እናቴን ሳልቀብር፣ ወደ ሆሳዕናም ሳልመለስ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ለካስ ሕንፃው ሁሉ ሲያሾፍብኝ አልነበረም። እንደሚያውቁኝ ነው የሸኙኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ ከንዴቱ የባሰ አመመኝ።

ወረቀቶቹን መልሼ በላስቲክ ጠቀለልኳቸው፣ በፕላስተር አሸግኳቸው፣ ሁለተኛውን ሱሪዬን አወጣሁና በቦታው አስገባኋቸው። ሚዛኑ አሥራ አምስት ኪሎ ልክ አለ። እሷም አየች፣ እሺ አላለችም፣ ወደ ጓዳ ገባች።

ስለ ባሕሩ ብዙ አልነግራችሁም፣ ባሕሩን ያየ ሁሉ ይዋሻል። ስድስት ቀን አስመለሰኝ፣ ሁለት ሸራ ሰፋሁ፣ በአንድ ሱሪ አትላንቲክን ተሻገርኩ። ብራዚል ወርጄ ስልክ ደወልኩና፣ ሐሙስ እገባለሁ አልኳት። መልካም አለችኝ፣ የብስኩት ማስታወቂያ የሰማች ያህል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሻንጣዬን እንደያዝኩ በጀፕ በኩል አለፍኩ፤ ሱቄ ሱቅ መሆኑን ላረጋግጥ። ሸምሱ አየኝ። ፊቱ ላይ የወረደውን ሐዘን ብታዩት የሞተ ሰው ያለ ይመስላችኋል። መጥቶ አቀፈኝ፣ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀኝም።

«አብሽር» አለኝ፣ «ኸይር ነው። የት ላይ ያዙህ?»

ማንም አልያዘኝም ብል ማን ይስማኝ። ቤቴ ስደርስ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቀድመውኝ ሳሎኑን ሞልተው፣ ዳቦና ለስላሳ ይዘው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እያወሩ ጠበቁኝ። መጋቢያችን ጉልበቴን ይዞ፣ ወንድማችን፣ ጌታ ሌላ በር ይከፍታል አለ። በገዛ ቲኬቴ ነው የመጣሁት አልኩ። ተያዩ። አንዷ እህት፣ ተዉት፣ አሁን አታናግሩት አለች። ደሜ እንደገና ፈላ፤ ይኸውና ሄጄ ተመለስኩ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከመካከላችን የመጀመሪያው ሰው ሆንኩ፣ ለቅሶ ተቀመጡብኝ!

ታደለች ማንንም ሳታናግር ሻንጣዬን ከፈተች። የታሸገውን ወረቀት አወጣች፣ ፕላስተሩን በቢላ ቆረጠች፣ እያንዳንዱን ወረቀት ገልጣ ውሃ እንዳልነካው አየችና ከቁም ሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ በየቦታው መለሰችው። መሳቢያውን ዘጋች። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀውን ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

«ሁለት ዓመት ስትል ሰባት ዓመት። ሁለት ወር ስትል ሁለት ወር ከሦስት ቀን። እየተሻሻልክ ነው።»

ሦስቱ ቀን የንፋሱ ጥፋት ነው ብዬ ልከራከራት ነበር። ተውኩትና፣ ሊያጽናኑኝ ለመጡት ሰዎች ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ።