«ተማሪ ይናገር» የተባለ ጊዜ

ልጅን «ዝም በል!» እያልን አሳድገን፣ «ዝም አይነቅዝም» ብለን መክረን፣ ትልቅ ሰው ፊት ቃል ከተነፈሰም በዓይናችን ቆንጥጠን ዩኒቨርሲቲ እንልከዋለን። እዚያ ሲደርስ «ለምን አትናገርም?» ይሉታል። ያውም በእንግሊዝኛ! ከዚህ የባሰ ግፍ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ነገሩን ያነሣሁት በተከራዬ በመምህር ይበልጣል ምክንያት ነው። ከደብረ ማርቆስ መጥቶ እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ልጄ ማርታም ተማሪው ናት። ዘንድሮ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለወጠና መምህር ዝም እንዲል፣ ተማሪ በቡድን እንዲወያይ ታዘዘ። ሰነዱን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሲወጣ አንብቤዋለሁ። (እኔ ያገኘሁትን አነባለሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀትም ቢሆን።) ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ፣ የክፍሉ ወንበሮች ወለሉ ላይ በብሎን ታስረው ሁሉም ወደ ሰሌዳው ያያሉ። ተማሪው ቢወያይም የሚወያየው ከፊቱ ካለው ማጅራት ጋር ነው።

የይበልጣል ኮንትራት የሚታደሰው ደግሞ ገምጋሚ መጥቶ ተማሪዎቹ ሲናገሩ ከሰማ ብቻ ነው። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሶዶ ተጠቅልላ ልትገባ ጓዟን አስራ ደብረ ማርቆስ ትጠብቃለች።

ገምጋሚው በመጣ ቀን ይበልጣል «ስለ አካባቢ ጥበቃ ተወያዩ» ብሎ ጥግ ያዘ። ጭጭ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ብድግ አለ። የእኛ አገር ልጅ ስብሰባ ያለ ጸሎት ሲጀመር አይቶ አያውቅምና፣ ዓይኑን ጨፍኖ በእንግሊዝኛ ይጸልይ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ቸርች እንደለመድነው፣ ሁሉም ባንዴ፣ ጮክ ብለው። የፈረንጅ ሰባኪ ሲሰሙ ያደጉ ናቸውና ቃል አላጠራቸውም። ለይበልጣል ኮንትራት ጸለዩ። ለባለቤቱ ጸለዩ። (ማን እንደነገራቸው ማርታን ጠይቁ።) የገምጋሚው ልብ እንዲራራም ጸለዩ።

ገምጋሚው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ተሳትፎው ግሩም ነው። ግን ለጸሎት ነጥብ የምሰጠው እኔ አይደለሁም። በሳምንቱ ተመልሼ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

ራት ላይ ይበልጣል የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«አለቀልኝ፣ እትዬ አስቴር! ተወያዩ ሲባሉ ድንጋይ፣ ጸልዩ ሳይባሉ ጅረት!»

ማርታ ከሳህኗ ላይ የዳታ በርበሬውን በእንጀራ እየጠረገች፣ «እውነት ቲቸር፣ እኛ ከአካባቢ ጥበቃ ምን እንፈልጋለን?» አለችው።

«ታዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«የግቢው ካፌ ወፍራም ሽሮ እንዲሠራልን!»

በሳምንቱ የውይይቱ ርእስ የካፌው ሽሮ ሆነ። እናንተዬ! አንዷ የወጡን ቅጥነት ለማስረዳት ቃል ቢያጥራት፣ የውኃ ጠርሙሷን ከፍ አድርጋ አወዛወዘች። ከጉኑኖ የመጣው፣ ስሙ ሲጠራ እንኳ በእጁ ብቻ «አለሁ» የሚለው ልጅ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ተሟገተ። ሰዋስውማ እንደ ሸክላ ረገፈ፤ ጎንበስ ብሎ የለቀመው ግን የለም። ገምጋሚው እየሣቀ ወጣ፤ ኮንትራቱ ታደሰ፤ ባለቤቱም ተሳፈረች።

ብቻ ጩኸቱ በመስኮት ወጥቶ ካፌ፣ ከካፌም አልፎ ቢሮ ደርሶ ኖሯል። በማግስቱ አንድ ትልቅ ኃላፊ ራሳቸው ክፍሉ በር ድረስ መጡ። ይበልጣልን ክንዱን ይዘው ወደ ጎን ሳብ አደረጉትና፣ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«መምህር፣ ተማሪ ይናገር አልን እንጂ፣ ድምፁ ይሰማ መቼ አልን?» አሉት።